የመኪና ኤሲ ሞቃት አየር ሲነፋ፦ የጎንደር አሽከርካሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ መስኮት ከፍቶ ይነዳል። የኤሲው ብልሽት የሚታወቀው መጋቢትና ሚያዝያ ሲገቡ፣ ወይም መኪናው ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ሲወርድ ነው። ያኔ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፤ "ጋዝ አስሞላው።" ምክሩ አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ልክ ያልሆነ ቀን ግን ገንዘቡም ጋዙም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበናሉ።

ኤሲው ሞቃት አየር መንፋት ጀመረ። ከየት ልጀምር?

መፍቻ ሳያነሡ በዓይንና በእጅ የሚታወቅ ብዙ ነገር አለ። ሞተሩን ያስነሡ፣ ኤሲውን ያብሩ፣ የሙቀት ማስተካከያውን መጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ፣ ንፋሱን ከፍተኛው ላይ ያድርጉ። አየሩ ከውጭ ሳይገባ እዚያው ውስጥ እንዲዞር የሚያደርገውንም ቁልፍ ይጫኑ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው ኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ክፍል፣ ይመልከቱ። ነጠላ፣ ሻሽና የተንጠለጠለ እጅጌ ከቺንጋው ይራቅ።

ቺንጋው የሚያዞረው መንኮራኩር፣ ፑሌጃው፣ ኤሲ ቢበራም ባይበራም ይዞራል፤ ስለዚህ እሱን ዓይቶ "ኮምፕሬሰሩ ይሠራል" ማለት ስሕተት ነው። መታየት ያለበት ከፑሌጃው ፊት ያለው ክብ የክላች ሳህን ነው። ኤሲው ሲበራ "ጠቅ" ብሎ ተጣብቆ አብሮ መዞር አለበት። ሳህኑ ከቆመ፣ ወይ የኤሌክትሪክ ችግር አለ ወይ ጋዙ በጣም ጎድሎ የግፊት ስዊቹ ኮምፕሬሰሩን አላስነሣም ብሏል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ግን ክላች የሌለው፣ ሁልጊዜ የሚዞርና ሥራውን በውስጥ ቫልቭ የሚቆጣጠር ኮምፕሬሰር ስላላቸው ይህ ምልክት ለእነሱ አይሠራም።

ሳህኑ ከዞረ፣ ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ይዳስሱ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወፍራሙ ከፍሪጅ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ መቀዝቀዝ አለበት፤ አየሩ እርጥበት ካለውም ያልበዋል። ቀጭኑ ሞቅ ያለ ይሆናል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሙቀት ካላቸው ጋዙ ጎድሏል ወይም ኮምፕሬሰሩ አይገፋም። ወፍራሙ በረዶ ሆኖ ውስጥ የሚነፋው ሞቃት ከሆነ ጥፋቱ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው፤ ጋዝ ቢሞሉበት ምንም አይለወጥም። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ሙቀት መጣያ) የሚሄደውን ቱቦ ግን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ያቃጥላል።

ስንት ዲግሪ ሲነፋ ነው ደህና የሚባለው?

ለምግብ የሚያገለግለውን ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር መሐለኛው የአየር መውጫ ውስጥ ያስገቡ። የሰውነት ሙቀት መለኪያው ከ30 ዲግሪ በላይ ያለውን ብቻ ስለሚያነብ እዚህ ላይ አይጠቅምም። በሮቹን ዘግተው ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር አድርገው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ውጭው 25 ዲግሪ ሆኖ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ካነበበ ኤሲው ጤነኛ ነው። 15 ካነበበ ጎንደር ላይ "ይበቃል" ሊያስብል ይችላል፤ መተማ ላይ ግን አይበቃም።

ኤሲ ጋዝ በየዓመቱ ያልቃል ይባላል። እውነት ነው?

ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፣ እንደ ዘይትም አያረጅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ሲተንና ሲጨመቅ ይዞራል እንጂ አይበላም። ከጎደለ አምልጧል። በእርግጥ ከጎማ ቱቦዎቹና ከኮምፕሬሰሩ ዘንግ "ሲል" (ማሸጊያ) በዓመት ጥቂት ግራም መውጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና አንድ ጊዜ መሞላቱ አያስደንቅም። በየዓመቱ፣ ይባስም በየወሩ የሚሞላ መኪና ግን ቀዳዳ አለበት።

ቀዳዳው የሚገኝበት ቦታ የታወቀ ነው። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ ከፊት መኪና የሚፈናጠር ጠጠር መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ቀጥሎ በየመገጣጠሚያው ያሉት ኦሪንጎች (ክብ የማሸጊያ ጎማዎች)፣ የኮምፕሬሰሩ የፊት ሲል፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመሙያ ቫልቩ አለ። ይህ ቫልቭ የጎማ ቫልቭን የመሰለ ልብ አለው፤ ላይ ላዩን የሚጠፋው የፕላስቲክ ክዳንም ውስጡ ማሸጊያ ጎማ ያለው እንጂ ጌጥ አይደለም። ጋዙ ሲያመልጥ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ የሚያፈስበት ቦታ አቧራ ተጣብቆበት ጥቁርና ቅባታማ ሆኖ ይታያል። በዓይን ካልተገኘ የሳሙና አረፋ ይቀቡበት፤ ጥቃቅኑ ፍሳሽ አረፋ እስኪያወጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚህም ካልታየ ቀለም ከጋዙ ጋር አስገብቶ በአልትራቫዮሌት መብራት ማየት ነው። የጋቢናውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር በዳሽቦርዱ ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ የመጨረሻው ተጠርጣሪ እሱ ይሆናል። የውኃ ማፍሰሻው ቱቦ ጫፍ ላይ ቅባት ከታየ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል።

ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ አያስገቡ። ጋዙን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያሳልፈውን ኤክስፓንሽን ቫልቭና እርጥበት የሚመጠውን ድራየር ይደፍናል፣ የጋራዡን መሣሪያም ያበላሻል።

ጎንደር ላይ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ መተማ ስወርድ ግን ዋጋ የለውም። ለምን?

ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መኪና ከደጋ ወደ በረሃ ይገባል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ናት፤ በሚያዝያ ቀትር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ኤሲ ቅዝቃዜ አይሠራም፤ ከጋቢናው ውስጥ ሙቀት ወስዶ በኮንደንሰሩ በኩል ውጭ ይጥላል። ውጭው 25 ዲግሪ ሲሆን መጣሉ ቀላል ነው። 42 ሲሆን ጋዙ ሙቀቱን እንዲለቅ ከዚያ በጣም በላይ መሞቅ አለበት፤ ስለዚህ ከኮምፕሬሰሩ በኋላ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ኮምፕሬሰሩም ይደክማል። 100 ወይም 150 ግራም የጎደለው፣ ኮንደንሰሩ በአቧራ የተደፈነ፣ ወይም ፋኑ የደከመ መኪና ጎንደር ላይ ጉድለቱን ይደብቃል፤ ቆላው ይገልጠዋል።

ስለዚህ ለሰሊጥ አጨዳም ሆነ ለንግድ ወደዚያ የሚወርዱ ከሆነ ምርመራውን ከመውረድዎ በፊት ያድርጉ። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል በእጅ ባትሪ ይዩ። ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስለው መኪና መካከሉ ላይ ገለባ፣ የሞተ አንበጣና ደርቆ የጠነከረ ጭቃ ተነባብሮበት ይገኛል። የሚታጠበው ከሞተር በኩል ወደ ፊት፣ አቧራው በገባበት አቅጣጫ ተመልሶ እንዲወጣ ነው። የላቫጆውን ከፍተኛ ግፊት ግን በቅርብ አያስተኩሱበት። እንደ ወረቀት የሳሱት የአሉሚኒየም ክንፎች ተጣጥፈው አየር ማሳለፍ ያቆማሉ፤ ያኔ ከአቧራው የባሰ ይሆናል። ተራ የውኃ ጎማ ይበቃል። የተጣጠፉትን በቀጭን ማበጠሪያ ቀስ እያሉ ማቃናት ይቻላል።

ስነዳ ይቀዘቅዛል፤ ስቆም ይሞቃል።

ይህ የፋን ምልክት ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያበርዳል፤ ሲቆም ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። በጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወስደው መንገድ በእግር ፍጥነት ሲጓዙ ኤሲው ከሞቀ ሌላ ነገር ሳይፈልጉ ፋኑን ያዳምጡ። በአብዛኛው አነስተኛ መኪና ኤሲው እንደበራ ወይም ግፊቱ ትንሽ ከፍ እንዳለ ፋኑ መነሣት አለበት። ካልተነሣ ፊውዙን፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ትንሽ ማብሪያ)፣ የሶኬቱን መቃጠል፣ በመጨረሻም የፋኑን ሞተር ካርቦን ይፈትሹ። ቢዞርም ደካማ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ገጽ ወረቀት ከኮንደንሰሩ ፊት ሲያደርጉት ተስቦ መጣበቅ አለበት። ወረቀቱን ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ ሽቦው ተገልብጦ ተገጥሟል፤ ፋን ከተቀየረ በኋላ ይህ ያጋጥማል።

የኮምፕሬሰሩ ክላች አልይዝ አለ። ምን ይፈተሽ?

የኤሲውን ፊውዝ ይዩ። ሪሌውን ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ፣ ለምሳሌ ከጥሩምባው፣ ጋር አቀያይረው ይሞክሩ። ከዚያ በክላቹ ሶኬት ላይ በመልቲሜትር ይለኩ። 12 ቮልት እየደረሰ ሳህኑ ካልተሳበ ጥፋቱ ክላቹ ላይ ነው። ሳህኑን በማግኔት የሚስበው ጠመዝማዛ ሽቦ ሬዚስታንስ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኦም ነው፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል።

ቮልቱ ካልደረሰ ወደ ግፊት ስዊቹ ይሂዱ። ግፊቱ ወደ 2 ባር ሲወርድ ስዊቹ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት እንዳይቃጠል ያጠፋዋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ስዊች በሽቦ አገናኝቶ ያስነሣዋል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዘይቱን ተሸክሞ የሚያዞረው ጋዙ ስለሆነ ጋዝ የሌለው ኮምፕሬሰር ደረቁን ይፋጫል። የሚወጣው የብረት ብናኝ ኮንደንሰሩንና ቫልቩን ጭምር ይዞ ይሄዳል።

ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት የሚያቆም ክላች ለብቻው ይታያል። በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ መሆን ሲገባው ሲበላ ይሰፋል። ጠመዝማዛው ሲሞቅ ጉልበቱ ስለሚቀንስ የሰፋውን ክፍተት ተሻግሮ መሳብ ያቅተዋል። ክላቹ ባቆመበት ሰዓት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ በርቶ ሳለ፣ 12 ቮልት ከባትሪ በቀጥታ ሰጥተው ሳህኑን በእንጨት ሲገፉት "ጠቅ" ብሎ ከያዘ ምክንያቱ ይህ ነው። ከሳህኑ ሥር ካሉት ቀጫጭን ቀለበቶች አንዱን አውጥቶ ማጥበብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለዚህ ብለው ሙሉ ኮምፕሬሰር አይግዙ።

ጋዝ ሲሞላ ምን ምን መደረግ አለበት? ጎንደር ላይ የሚለይ ነገር አለ?

አለ፤ በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ላይ። ጋዝ ከመግባቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ መውጣት አለበት። መጽሐፍ ላይ ጌጁ ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ ይወርዳል ተብሎ ይጻፋል። ያ ለባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ጎንደር ላይ ከባቢ አየሩ ራሱ የሚጫነው 0.78 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ ፍጹም ቫኪዩም ቢደረስ እንኳ ጌጁ ከ23 ኢንች አካባቢ አያልፍም። 23 ላይ ሲቆም ፓምፑ ደከመ ወይም ቱቦው ያፈሳል ብሎ መደናገጥ አይገባም። መተማ ላይ ያው ፓምፕ 27 ተኩል ገደማ ያሳያል። ፓምፑ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቱቦው ተከፍቶ ከቆየ ደግሞ አንድ ሰዓት ይሥራ። ከዚያ ቫልቮቹን ዘግተው ፓምፑን አጥፍተው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። መርፌው ከተመለሰ ቀዳዳ ወይም እርጥበት አለ፤ ጋዝ አይገባም።

ቱቦው ተከፍቶ የቆየ ከሆነ ድራየሩ ይቀየር። ውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ አንዴ ከጠገበ ፓምፕ አያደርቀውም፤ የቀረው ውኃ ደግሞ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ቀዳዳ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል።

ጋዙ በሚዛን ይገባል። የጋዙ ዓይነትና መጠኑ ኮፈኑ ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል፤ አነስተኛ መኪና ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። የኋላ ማቀዝቀዣ ያለው ሚኒባስ ከዚህ ይበልጣል። "ቱቦው እስኪበርድ" ወይም "በመመልከቻው መስታወት አረፋው እስኪጠፋ" እየተባለ የሚሞላ ጋዝ አንዴ ያንሳል አንዴ ይተርፋል። የተረፈ ጋዝ ኮንደንሰሩን በፈሳሽ ሞልቶ ሙቀት መጣያ ስለሚያሳጣው መኪናው ሲቆም መልሶ ሞቃት ይነፋል።

ሞተሩ እየሠራ ጋዝ የሚገባው ዝቅተኛ ግፊት ባለበት፣ ወፍራሙ ቱቦ በኩል፣ ጣሳው ቀና ተደርጎ በጋዝነቱ ነው። የከፍተኛውን ግፊት ቫልቭ ሞተሩ እየሠራ መክፈት ግፊቱን ወደ ጣሳው መልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። መነጽርና ጓንት ይደረግ፤ ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቀዘቅዛል ሳይሆን ያቃጥላል።

ክፍል ከተቀየረ ዘይትም ይጨመር፤ ለአዲስ ኮንደንሰር ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር፣ ለድራየር ከ10 እስከ 20። ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ፓግ 46 የተባለውን የኤሲ ዘይት ይወስዳሉ። የሞተር ዘይት በፍጹም አይሆንም።

ጌጁ ላይ የሚታየው ቁጥር ምን ይነግረኛል?

ሞተሩ 1,500 ዙር፣ የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሆኖ ጤነኛ ኤሲ በዝቅተኛው ግፊት በኩል ከ1.5 እስከ 2.5 ባር፣ በከፍተኛው በኩል ከ14 እስከ 16 ባር አካባቢ ያነባል። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ከለኩ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ፤ ጉድለት አይደለም። በተባለው ሙቀት ሁለቱም ዝቅ ካሉ ግን ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ ተርፏል፣ ኮንደንሰሩ አልበረደም፣ ወይም ውስጡ አየር ገብቷል። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ መግፋት አቅቶታል። ዝቅተኛው ወደ ቫኪዩም ከወረደ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ወይም ድራየሩ ተደፍኗል።

ሞተሩ ጠፍቶ የሚነበበው ቁጥር ስለ ጋዙ መጠን አይናገርም። 20 ዲግሪ ባለው ጠዋት ጎንደር ላይ አር 134 ኤ የተባለው የኤሲ ጋዝ ያለበት መኪና ወደ 4.9 ባር ያሳያል፤ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ 200 ግራምም ይኑር 500 ቁጥሩ ያው ነው። "ጌጁ ሙሉ ነው ይላል" የሚል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ርካሽ ጋዝ አገኘሁ። ትክክለኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ከላይ ያለው ቁጥር ለዚህ ይጠቅማል። ሲሊንደሩ ጥላ ውስጥ አድሮ 20 ዲግሪ ሲሆን ወደ 4.9 ባር ማንበብ አለበት። ከ8 ባር በላይ ካነበበ ውስጡ ያለው ለቤትና ለሱቅ ማቀዝቀዣ የሚውለው አር 22 ወይም ቅልቅል ሊሆን ይችላል። የመኪናው ቱቦና ሲል ለዚያ አልተሠራም። የምግብ ማብሰያ ጋዝ የሚያስገባም አለ፤ ያቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ ሲያፈስ ጋቢናው በሚቀጣጠል ጋዝ ይሞላል። አዳዲስ የአውሮፓ መኪኖች አር 1234 ዋይ ኤፍ የተባለ ሌላ ጋዝ ስለሚጠቀሙ የመሙያ አፋቸው ራሱ የተለየ ነው። አስማሚ ፈልገው ሌላ ጋዝ አያስገቡባቸው።

ቀዳዳ ለመፈለግ ናይትሮጅን በ10 ባር ገደማ ይገባል። የጎማ መንፊያ አየር እርጥበት ያስገባል። ኦክስጅን ደግሞ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ የብየዳ ሲሊንደር ይዞ የመጣ ሰው ካለ ያስቁሙት።

ቱቦው በረዶ ነው፤ ውስጥ ግን ሙቅ ይነፋል።

ዳሽቦርዱ ውስጥ ሙቅና ቀዝቃዛውን አየር የሚያቀላቅል ትንሽ በር አለ። ገመዱ ከተላቀቀ ወይም በሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ከቆመ አየሩ በማሞቂያው ላይ ያልፋል። ማስተካከያውን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ እያዞሩ የበሩን እንቅስቃሴ ያዳምጡ። ለማረጋገጥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን የውኃ ጎማ በጨርቅ ጠቅልለው ውኃ እንዳያልፍ በመቆንጠጫ ይያዙት፤ ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ከነፋ ምክንያቱ ተገኘ።

መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚነፋው አየር ራሱ ያንሳል።

ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል። ኤሲውን አጥፍተው ንፋሱን ብቻ ለ15 ደቂቃ ይተዉት፤ መኪናው ሥር ውኃ በብዛት ከፈሰሰና አየሩ ከተመለሰ እርግጥ ነው። የተደፈነ የጋቢና ፊልትሮ ዋናው ምክንያት ነው። ከረዳት ወንበሩ ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ያገኙታል፤ ብዙ ጊዜ ያለ መሣሪያ ይወጣል። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ የኢቫፖሬተሩ ሙቀት ጠቋሚ ይፈተሽ።

ዳገት ስወጣ ለጥቂት ጊዜ ሞቃት ይሆናል። ብልሽት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሊማሊሞን ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ሲወጡ የሞተሩ ኮምፒውተር ጉልበቱ ለጎማው እንዲተርፍ ኮምፕሬሰሩን ለጊዜው ያጠፋዋል፤ በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት አንሶታል። የሞተሩ ሙቀት ከፍ ካለም ያጠፋል። መርፌው ወደ ቀይ እየሄደ ከሆነ ኤሲውን ትተው ራዲያተሩን ያስቡ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ሳይሆን በመቶዎች ቮልት ይዞራል። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን ነገር ሁሉ ያልሠለጠነ እጅ አይንካው። ዘይቱም የተለየ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፒኦኢ ነው። ጥቂት ፓግ ከተቀላቀለበት የኮምፕሬሰሩ ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅም ወርዶ መኪናው ስሕተት ያሳያል፤ ስለዚህ ለቤንዚን መኪና ያገለገለ የጌጅ ጎማ ሳይጸዳ አይገጠምበት። በብዙዎቹ ባትሪውንም የሚያበርደው ይኸው ጋዝ ስለሆነ የኤሲው መሞቅ ቻርጁን ሊያዘገይ ይችላል።

ክረምት ላይ ማብራት ያስፈልጋል?

በሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያብሩት። የኮምፕሬሰሩ የፊት ሲል ዘይት ካልደረሰው ይደርቅና ጋዝ ያሳልፋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ተዘግቶ የቆየ ኤሲ ጥቅምት ላይ ባዶ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው። የፊት መስታወቱ ጉም ሲይዝም አየሩን አድርቆ ቶሎ ያጠራዋል። በዚያው አጋጣሚ መኪናው ሥር ውኃ መንጠባጠቡን ይዩ። ካልተንጠባጠበና የረዳቱ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከራሰ ማፍሰሻው ቱቦ በጭቃ ተደፍኗል፤ ከታች ሆነው በለስላሳ ሽቦ ቀስ ብለው ይክፈቱት።